ስድብ የተማረው ማቆያ

በዚያች ከተማ ልጅ ከሩቅ ደውሎ እናቱን በትሕትና ካነጋገራት የእናት ሆድ ይባባል። «እንደምን አደርሽ እናትዓለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ» ካለማ አለቀላት። ስልኩን እንደያዘች ጎረቤት ትሮጣለች። «ጨዋ ሆነብኝ! ኧረ ስሙልኝ፣ ልጄ ጨዋ ሆነብኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። መርዶ መንገር ድሮ የዘመድና የጎረቤት ሥራ ነበር። ሰው ይጠራራል፣ ገና ሳይነጋ ደጅ ላይ ይሰበሰባል፤ ባለ ሐዘኑ ብቻውን እንዳይሰማ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ የሚይዘው እጅ በሌለበት እንዳይሰማ ይጠበቃል። እስከዚያው «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ የተቀበረው ሰው በሰው አፍ ሁለት ሦስት ቀን ታሞ ይሰነብታል። ኋላ ሥራው ወደ ምክክር ጣቢያ ዞረ። ጣቢያ ደግሞ እንደ ጎረቤት አይቸኩልም። የእያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ ያለው አምባር ልብን ይመዝናል፤ ሚዛኑ «ችሏል» ካላለ መርዶ የለም። እስኪችል ድረስ ሟቹ በገዛ ድምፁ መደወሉን አይተውም። ይህ ድምፅ ማቆያ ይባላል። አንዳንዱ በወሩ ይችላል። አንዳንዱ ፋሲካ በፋሲካ ላይ ያልፈዋል።

ማቆያ አያኮርፍም፣ አይነጫነጭም፣ አይሳደብም። የጣቢያው ደንብ «ተገልጋይን የሚያስቀይም ቃል» ይከለክላል። ሕዝቡ ይህን ለማወቅ ብዙ አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ ሕያው ሰው ሕያውነቱን በስድብ ያስመሰክር ጀመር። በዓል ሲደርስ የከተማው ስልክ ሁሉ ስድብ በስድብ ይሆናል፤ ቄሱ ሳይቀሩ ሩቅ አገር ያለ ወንድማቸውን «አንተ ገብጋባ፣ እንኳን አደረሰህ» ይላሉ። ወንድምየውም «አንተ አስመሳይ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» ሲል ይመርቁታል። ልጆች መንገድ ላይ ለስላሳ ልጅ ካዩ «ማቆያ! ማቆያ!» እያሉ ያስለቅሱታል።

ትርንጎ ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሉት ጣቢያዎች በአንዱ የመርዶ አማካሪ ነበረች። ትርንጎ የሚለው ስም ያኔ እንደገና የወጣት ስም ሆኖ ነበር፤ ሶልያናና ናትናኤል ናቸው የአሮጊትና የሽማግሌ ስም የሆኑት። ምላሷ ጎራዴ ነው ይሏታል። አትክድም። ጎራዴ ያለው ሰው ሰገባ ውስጥ አስቀምጦ አያዝገውም ባይ ናት።

ማክሰኞ ማክሰኞ እማማ ሶልያና ይመጣሉ። ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላሉ። ዕድሜያቸውን የብርድ ልብስ ሲሸምኑ ፋብሪካ ውስጥ ያሳለፉ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጁ ናሆም ይባላል፤ የጭነት መርከብ መካኒክ ነው።

ነው ሲባል፣ ነበር። የመርከቡ ሞተር ክፍል ተቃጥሎ፣ እሳቱን ሊያጠፋ ገብቶ አልወጣም። ሩቅ ወደብ ላይ ተቀብሯል። ይህን ትርንጎ ታውቃለች። ጣቢያው ያውቃል። ወሬው በመርከበኞቹ በኩል ሾልኮ መጥቶ እማማ ሶልያና የሚኖሩበት ሕንፃም ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ያውቃል። የማያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው። ያልተፈቀደ መርዶ የተናገረ ጎረቤት ከጣቢያው አገልግሎት ሁሉ ይታገዳል፤ ከክሊኒኩም፣ ከሕፃናት ማዋያውም። ስለዚህ ሕንፃው ሁለት ፋሲካ ሙሉ አፉን ይዞ፣ ደረጃ ላይ እማማ ሶልያናን ሲያገኝ «ናሆም እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቃል።

«እሺ እማማ፣ ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» አለች ትርንጎ። ጥያቄው የመመሪያው ነው።

«የሊፍቱ ደወል።»

«እማማ!»

«ምን ላድርግ? አምስተኛ ፎቅ ነኝ። ባለፈው ክረምት ሊፍት ተከልንላችሁ አሉ፣ እሰይ አልን፣ ሳምንት ሠርቶ ቆመ። ደወሉ ብቻ ቀረ። ሌሊት ቀን ኪሊሊሊ! በሩ አይከፈት፣ አይወጣ፣ አይወርድ።»

«የቆመ ሊፍትማ አለቃዬ ነው» አለች ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደወል እንጂ መንገድ የለውም።»

እማማ ሶልያና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አምባራቸው አረንጓዴ ሆነ። ትርንጎ ደስ አላት፤ ለሥራዋም ለምላሷም። ሳቁ ሲበርድ ግን አሮጊቷ መስኮቱን አዩ። ከጉም ውሃ እንዲያጠራቅም ጣሪያ ላይ የተዘረጋው መረብ ያንጠባጥባል።

«ልጄ ጨዋ ሆነብኝ» አሉ።

አምባሩ ብጫ ሆነ።

«ድሮ ሲደውል ሰላምታው ‹አንቺ የክረምት ዶሮ› ነበር። እኔ ደግሞ ‹አንተ የመርከብ አይጥ› እለዋለሁ። እሱን ሳንባባል ወሬ አንጀምርም። አሁን በየጠዋቱ ፀሐይ ስትወጣ ይደውልና ‹እናትዓለም› ይለኛል። እናትዓለም! እኔ የማን እናትዓለም ነኝ?»

«ሰው ሲበስል ጠባዩ ይለወጣል፣ እማማ።» ይህም የመመሪያው ነው።

«አንቺ እንግዲያ አልበሰልሽም።» ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ንገሪኝ እስቲ። ማቆያ ነው?»

አምባሩ ቀላ።

«ለምን እንዲህ አሰቡ?» አለች ትርንጎ። መመሪያው ከዚህ ሌላ አይፈቅድም። አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋትና ተነሥተው፣ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው ሄዱ።

ነገሩ ጅራቱን እንደሚያባርር ውሻ ነበር። ድምፁ ጨዋ ሲሆን እናት ይሠጋሉ፤ ሲሠጉ ሚዛኑ ይወርዳል፤ ሚዛኑ ሲወርድ መርዶው ይዘገያል፤ መርዶው ሲዘገይ ጨዋው ድምፅ ይደውላል። እማማ ሶልያና በዚህ አያያዝ ልጃቸውን ሳያለቅሱ ሊሞቱ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የእሳቸው ማቆያ ለማን ይደውላል? ለናሆም ማቆያ? ትርንጎ አንድ ቀን ይህን አሰበችና ሁለቱ ሙታን በየጠዋቱ በትሕትና ሲጠያየቁ ታያት። ሳቀች። ኋላ አላሳቃትም።

ሐሙስ የምክክር ስብሰባ ነው። አስቸጋሪ ተገልጋይ ያለው አማካሪ ጉዳዩን ያቀርባል፣ ሌሎቹ ይመክራሉ፣ ኃላፊው ዶክተር አቤኔዘር ይደመድማል። አቤኔዘር ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለቀሰ መሐረብ ከማቀበል ይልቅ መስኮት የሚከፍት ዓይነት ነው።

«ሁለት መንገድ ይታየኛል» አለች ትርንጎ። «አንደኛው፣ ሚዛኑን ሳንጠብቅ እንንገራቸው።»

«ሁለተኛውን ንገሪን።»

«ሁለተኛ የለኝም።»

«እኔ አለኝ» አለ አቤኔዘር። «ማቆያው ይሳደብ።»

አንዱ አማካሪ ሳቀ፤ ማንም ስላልተከተለው ሳል አስመሰለው።

«ደንቡስ ዶክተር?»

«ደንቡ የሚከለክለው የሚያስቀይም ቃል ነው። እኚህ ሴት የተቀየሙት ባለመሰደባቸው ነው። ይሰደቡ፣ ይረጋጉ፣ ሚዛኑ ይሙላ። ስድቡን የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልገናል።»

ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞሩ።

እዚህ ላይ እምቢ ማለት ነበረባት። አላለችም። አንደኛ፣ ሚዛኑ ከሞላ መርዶው ይነገራል፤ ከዚህ የቀረበ መንገድ አልታያትም። ሁለተኛ፣ የመጡባት በሙያዋ ነው። ጎበዝ ዘፋኝ ዝፈኝ ሲሏት ጉሮሮዋን አሟት አያውቅም።

የናሆምን የድሮ ድምፅ ሰጧት፤ ስትሰማው ዋለች። ሟቹ በስድብ በኩል ድሃ ነበር። «የክረምት ዶሮ» አለው፣ «አንቺ ሴትዮ» አለው፣ ከዚያ ረጅም ሳቅ አለው፤ በቃ። ትርንጎ ታዘበችው። በዚች ስንቅ እናቱን ስንት ጠዋት ያስቃል? ስለዚህ ጨመረችለት። «አንቺ የክረምት ዶሮ፣ ዛሬም ላባሽን ነፍተሽ ምድጃ ሥር ተወሽቀሻል?» አስባለችው። «ደብዳቤ እንደ በላ ፍየል ዝም አልሽሳ!» አስባለችው። ሲሞቃት እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። የጻፈችውን መልሳ ማየት ልማዷ አልነበረም፤ እኔ የጻፍኩትን ማን ያርማል ባይ ናት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እማማ ሶልያና እየሮጡ መጡ ማለት ይቻላል።

«ሰደበኝ!» ብለው አቀፏት። «ሰደበኝ ልጄ! እንዴት አድርጎ! ባሕሩ አስተምሮታል፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ አፍ አውጥቷል!»

ስድቡን ለሕንፃው ሁሉ አሰሙ። ደረጃ ላይ ሰው እያስቆሙ ስልኩን ከፍተው ያስደምጣሉ። ሰዎቹ የሞተው ልጅ ሲሳደብ እየሰሙ መሬት መሬቱን ያያሉ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ናትናኤል፣ በቁጣቸው ሰፈር የሚፈራቸው ሰው፣ «ጎሽ፣ ጎሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሚዛኑ ሞላ። ትርንጎ የአቤኔዘርን በር አንኳኳች።

«ችለዋል። ነገ ጠዋት ቡድን ይዤ ልሂድ?»

«ወዴት?»

«መርዶ ልነግር ነዋ፣ ዶክተር!»

«ተቀመጪ» አለና መስኮቱን ከፈተ። «ሴትዮዋ ይተኛሉ። ይበላሉ። ይስቃሉ። በጣቢያችን እንደ እሳቸው የረካ ተገልጋይ የለም። ይህን ልናፈርስ ነው?»

«ሚዛኑ እስኪሞላ ነው ያልነው።»

«ሚዛኑ እስኪሞላ የምንጠብቀው ደህና እንዲሆኑ ነው። ደህና ሆኑ። ደህና የሆነን ሰው መርዶ ነግሮ ማሳመም ምን የሚሉት ምክር ነው? ሥራሽን ለበላይ አሳይቻለሁ። በሁሉም ጣቢያ ይሠራበታል ተብሏል። የማቆያ ስድብ ክፍል ይከፈታል፤ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።»

ትርንጎ ከክፍሉ ስትወጣ ስልኳ ጠራ። ሐዋሳ ያለችው ታላቅ እህቷ ማርሲላስ ነበረች።

«አንቺ ቅሪላ፣ ሞተሽ ነው የማትደውዪው?»

ድሮ ቢሆን ትርንጎ ሁለት እጥፍ አድርጋ ትመልስላት ነበር። አሁን ግን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ድምፁን አዳመጠች። ጥሩ ስድብ ነው። ማንም ሊጽፈው ይችላል።

«ማርሲ፣ ቅዳሜ ነይ» አለች።

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም። ነይና ፊቴ ላይ ስደቢኝ።»

እማማ ሶልያና በተከታዩ ማክሰኞ ገብተው መጀመሪያ ጃኬታቸውን አወለቁ። አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አወልቀውት አያውቁም ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ናሆም ደወለ» አሉ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ‹አንቺ የቆመ ሊፍት፣ ደወል እንጂ መንገድ የለሽ› አለኝ።»

ትርንጎ ጽፋዋለች። መጻፏ ትዝ አላት። ያን ዕለት ሞቋት፣ ካፏ የወጣውን ሁሉ ለሟቹ ስታጎርስ፣ ይህንንም አጉርሳዋለች።

«ሳቅሁ» አሉ እማማ ሶልያና። «እንዴት እንደ ሳቅሁ! ስልኩን ዘግቼም ሳቅሁ። ከዚያ ሻይ ልጥድ ተነሣሁ። ማንቆርቆሪያውን እንዳነሣሁ ቆምኩ። ሊፍት እንዳለን ናሆም አያውቅም። ደረጃው እንደ ከበደኝ አውቆ እንዳይጨነቅ ስለ ደረጃ አንሥቼበት አላውቅም፣ ስለ ሊፍት አንሥቼበት አላውቅም። ያን ንግግር የሰማሁት እዚህ ነው። አንቺ ነሽ የተናገርሽው፣ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የሳቅሁት።»

«እማማ…»

«ዝም በይ!»

አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ።

«እንዳትነግሪኝ። እዚህ እንዳትነግሪኝ። ወንበርና ግድግዳ ይዞኝ ነው የማለቅሰው? አንድ ጎረቤት በሌለበት እንደ ባዘነ ውሻ ብቻዬን ልጩኽ?» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ አምባራቸውም አረንጓዴውን እንደያዘ ነው። ያንን ማየት ለትርንጎ ከጩኸት ባሰባት። «ነገ ጠዋት ሰው ይዘሽ ነይ። እንደ ወጉ። እስከዚያ አላውቅም። ዛሬ ራቴን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ምንም አላውቅም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰው ይዘሽ ነይ ነው ያልኩት። ያንን አምባር ለካኪ ሁሉ አይደለም። ሰው።»

ጃኬታቸውን ለበሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። «ስድብሽ ግን ጥሩ ነበር» አሉ። «ለሌላ ሰው ቢሆን።»

ትርንጎ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጋሼ ናትናኤል ቤት ሄደች። ሽማግሌው ሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው ከታች ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ይሳደባሉ። ነገሩን ነገረቻቸው።

«ፈቃድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ የሚውሉት በጣቢያው ማዋያ ነው። የኩላሊቴ ክትትል እዚያ ነው። ይኸን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። የእኔም እንጀራ እዚያ ነው።»

«እና ምን ሁን ነው የምትይኝ?»

ትርንጎ የልመና ቋንቋ አልተማረችም። «ጋሼ፣ ልጆችዎ ውጭ አገር ናቸው አይደል? እርስዎ የሞቱ ዕለት ምን የሚሆን ይመስልዎታል? ልጆችዎ እስኪችሉ ማቆያዎ ይደውልላቸዋል። በየሳምንቱ። በትሕትና።»

«እኔ? በትሕትና?»

«‹ልጆቼ፣ ናፈቃችሁኝ፣ እወዳችኋለሁ፣ በርቱልኝ› እያሉ።»

«ኧረ በስመ አብ!» ጋሼ ናትናኤል የበረንዳውን ብረት ያዙ። «እነሱም ያምናሉ?»

«አሁንማ እኔ ስድብ አስተምሬዋለሁ። ያምናሉ።»

ከታች ኳሱ ግድግዳ መታ፤ ሽማግሌው አልተሳደቡም። «ድንኳን አላወጣም» አሉ በመጨረሻ። «የእድር ድንኳን ፈቃድ ይጠይቃል። ደረጃ ላይ መቆም ግን ፈቃድ ይጠይቃል ያለኝ ሰው የለም። ገና ሳይነጋ ነይ። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ጋሼ ናትናኤል ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እድርተኞቹን በአንድ በአንድ እየጠቀሱ ደረጃው ላይ አሰለፉ። የሚናገር የለም። ጫማቸውን በእጃቸው የያዙ አሉ። ቀስ ብለው ይወጡ ጀመር።

ማንም ያላሰበው ነገር ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሆነ። አንዲት ሴት ቆሻሻ ልትጥል በሯን ስትከፍት ጨለማ ውስጥ ጥቁር የለበሰ ሰው ሰልፍ አየች። ዱባይ ልጅ አለቻት። ልጅቱ ባለፈው እሑድ «እማ» ብላታለች፣ በለሰለሰ ድምፅ። ሴትየዋ ቆሻሻውን ለቀቀችና «ልጄን!» ብላ ራሷን ያዘች። በጩኸቷ ሌላ በር ተከፈተ፤ እሱም «ወንድሜ ነው አይደል? ጠርጥሬ ነበር» አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሕንፃው ሙሉ ለካ በየልቡ መርዶ ይጠብቅ ኖሯል። ትርንጎ ከፎቅ ፎቅ እየሮጠች «እርስዎ አይደሉም፣ አንተ አይደለህም፣ አንቺ አይደለሽም፤ እማማ ሶልያና ናቸው» ስትል ፊታቸው ላይ ደም ይመለሳል። ከተመለሰላቸው በኋላ ግን በራቸውን የዘጉ ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ነጠላ ደርበው ተከተሉ። አምስተኛ ፎቅ ሲደረስ ደረጃው እስከ ታች ሰው ነበር፤ ሊፍቱ ከመሃል ኪሊሊሊ ይላል።

እማማ ሶልያና ሳይንኳኳ ከፈቱ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ ቤቱ ተጠርጎ ወንበሩ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተጠግቷል። ሰዉን ቁልቁል አዩት፣ መጨረሻው እስከማይታያቸው። ከዚያ ወጉ የሚያዘውን አሉ፦

«ምነው በጠዋቱ? ማን አሞት ነው?»

ጋሼ ናትናኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሶልያና፣ ናሆም…» አሉና ቁጣቸው ሁሉ የት እንደ ገባ እንጃ፣ ድምፃቸው ተቆረጠ። ወደ ትርንጎ ዞሩ። ትርንጎ ለዚህ ጊዜ የተጻፈ ብዙ ዓረፍተ ነገር ታውቅ ነበር። አንዱም አልመጣላትም።

«ናሆም ሞቷል፣ እማማ» አለች።

ሊወድቁ ሲሉ ያዟቸው። አንዷ ወገባቸውን፣ አንዷ ክንዳቸውን፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ራሳቸውን። ያ ሁለት ፋሲካ ሙሉ አፉን ይዞ የኖረ ሕንፃ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ጎረቤቱ ናሆምን በልጅነቱ ኳስ ሲመታ፣ መስኮት ሲሰብር፣ ብስክሌት ሲጠግንላቸው እያነሣ አለቀሰ፤ ሲያውቁት የኖሩትን ሐዘን አሁን ገና የተነገራቸው ይመስል ነበር። ትርንጎ የሰዉን እጅ አየች። አምባሩ ሁሉ ቀልቷል። ክፍሉ በቀይ ብርሃን ተሞላ።

ፀሐይ ወጣች። ስልኩ ጠራ።

ልቅሶው ባንዴ ጸጥ አለ። ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል። አንዱ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ እማማ ሶልያና «ስጡኝ» አሉ። ከፍተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ የክረምት ዶሮ! እስካሁን አልተነሣሽም?» አለ የናሆም ድምፅ ከሳቁ ጋር።

«ተነሥቻለሁ። የት ነህ ናሆምዬ?»

«መርከብ ላይ ነዋ፣ የት እሆናለሁ?»

«ተቀምጠሃል?»

«ተቀምጫለሁ። ምነው?»

«አጠገብህ ሰው አለ?»

ማቆያው ትንሽ ዘገየ። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። «የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻህንማ መሆን የለብህም» አሉ እማማ ሶልያና። መዳፋቸውን ስልኩ ላይ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ጣል አደረጉ። «እሺ፣ እኔ አለሁ። ጎረቤቱም ሁሉ እዚህ አለ። በርታ እሺ? ልጄ፣ ሞተሃል።»

ድምፁ ጠፋ። አንድ ሕፃን ከደረጃው ላይ አለቀሰና እናቱ አባበለችው። ከዚያ ስልኩ፣ እንደ ጠዋቱ ሁሉ ደስ ብሎት፣ «አንቺ የቆመ ሊፍት…» ብሎ ጀመረ።

«እሱ የእሷ ነው» አሉ እማማ ሶልያና፣ ትርንጎን አይተው። ስልኩን ዘጉት።

ከጣቢያው የእገዳ ትእዛዝ ከቀትር በፊት ለትርንጎ ደርሷታል፤ ለጋሼ ናትናኤልም ደርሷቸዋል፤ ለሌሎቹም ሲደርስ ውሏል። ያኔ ትርንጎ ከእድርተኞቹ ጋር ወንበር ወደ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ታወጣ ስለነበር አላነበበችውም። ጋሼ ናትናኤል ግን አንብበው ታች ወረዱ፤ «ከታገድኩ ወዲያ» ብለው ድንኳኑን አወጡ።

ግን ይህ ሁሉ በኋላ ነው። ስልኩ እንደ ተዘጋ እማማ ሶልያና ተነሡ። ነጠላቸውን አገለደሙ፣ ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱና፣ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን ጩኸት ይበልጥ በነበረው ድምፃቸው አወጡት፦

«የመርከብ አይጤ! የኔ የመርከብ አይጤ!»

ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ተቀበላቸው፤ ከክፍሉ ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ ደረጃው፣ ፎቅ በፎቅ እየወረደ፦

«የመርከብ አይጤ!»